ድሬዳዋ ቁጭ ብዬ ኳንተም ላይ ስሠራ ያየሁት

እናቴ አሸዋ ገበያ አካባቢ ባላት ሱቅ ለደንበኛ ሁሉ «ልጄ ኮምፒውተር ነው የምትሠራው» ስለምትል፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ሰው የተሰበረ ስልክ ይዞ ቤታችን ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ለማስረዳት እሞክር ነበር። አሁን ቀዝቃዛ ውሃ አቀርብና ታይዋን የሚባለው ገበያ ወዳሉት ጥገና ቤቶች እልካቸዋለሁ፤ ሁላችንም እንገላገላለን።

እውነተኛው ሥራዬ ኳንተም ኮምፒውተር፣ ማለትም በኳንተም ፊዚክስ ሕግ የሚያሰላ ማሽን፣ ሲሠራ የሚፈጥራቸውን ስህተቶች በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለይቶ ማረም ላይ መመራመር ነው። የሚከፍለኝ አውሮፓ ያለ አነስተኛ የምርምር ቡድን ነው። እኔ ግን የምውለው እዚሁ፣ ከከዚራ በእግር በሚደረስ ሰፈር፣ በእናቴ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስልኬን ከዘመድ አዝማድ ተቀባብለው ይደውላሉ፤ ጥያቄያቸውም ይመሳሰላል። ምን ልማር? ማሽኑ ሳይኖረኝ በምን ልጀምር? ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሪ ነው የምትውይው? ለየብቻ ስመልስ የምረሳው ስለሚበዛ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አድርጌያለሁ።

ፊዚክስ የገባሁት መርጬው አይደለም። ኤሌክትሪካል ሞልቼ ምደባው ፊዚክስ ሆኖ መጣ፤ አንድ ሴሚስተር ሙሉ አኩርፌ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ኳንተም ሜካኒክስ ያስተማሩን መምህር ሰሌዳው ላይ ሁለት በሁለት ማትሪክስ ጽፈው «የኤሌክትሮን ስፒን ማለት ይኸው ነው» ሲሉ ኩርፊያው ለቀቀኝ። ያን ያህል ሲፈራ የነበረው ነገር ማባዛትና መደመር ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ማስተርስና ዶክትሬት ውጭ አገር ነው፤ ስለ ስኮላርሺፕ የተጻፈ ሞልቷልና እሱን ልለፈው። ልጆቹ ብዙም የማያውቋቸውን ሁለት በሮች ግን ልጠቁም። ፓኪስታናዊው ፊዚሲስት አብዱስ ሰላም በ1964 ጣሊያን ትሪየስት ላይ ያቋቋሙት ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል፣ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች ወጪያቸውን ሸፍኖ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ይሰጣል። በ2003 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተጀመረውና አሁን በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ማዕከላት ያሉት የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ደግሞ ለማስተርስ ይቀበላል። ፊዚክስ ተመድባችሁ ያኮረፋችሁ ካላችሁ እነዚህን አስቡባቸው።

«ኳንተም ኮምፒውተር ሳይኖረኝ እንዴት?» ለሚለው፣ እኔም የለኝም። በሕይወቴ አጠገቡ የቆምኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ «እንዳትነኪ» ተብዬ። እኔ የምሠራበት ዓይነት፣ በሱፐርኮንዳክተር የሚሠራው፣ ከፍጹም ዜሮ ማለትም ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ገደማ ካለው የቅዝቃዜ ጫፍ፣ በአንድ ዲግሪ መቶኛ አካባቢ ብቻ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ውስጥ ተቀምጦ ስለዚህ ማሽን ማሰብ በራሱ ማራገቢያ ነው።

የመጀመሪያው ኳንተም ኮምፒውተራችሁ በገዛ እጃችሁ የምትጽፉት፣ ማሽኑን የሚያስመስል የፓይተን ፕሮግራም (ሲሙሌተር) ይሁን። ኪዩቢት የኳንተም ኮምፒውተር ትንሿ የመረጃ መያዣ ናት፤ በስሌት አንድ ኪዩቢት ሁለት ኮምፕሌክስ ቁጥር ነው፤ ሁለት ኪዩቢት አራት፣ ሦስት ኪዩቢት ስምንት። አንድ በጨመራችሁ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። 20 ላይ 1,048,576 ቁጥሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ 16 ባይት ቢይዝ 16 ሜጋባይት፣ ስልክ ላይ ካሉ ሦስት አራት ዘፈኖች አይበልጥም። 30 ላይ 16 ጊጋባይት፣ 40 ላይ 16 ቴራባይት። የተማሪነት ላፕቶፔ 8 ጊጋ ራም ነበረው፤ 28 ኪዩቢት ላይ ግማሹን በላ፣ 29 ላይ ስክሪኑ ደርቆ ቀረ። ለምን እውነተኛ ማሽን መሥራት እንዳስፈለገ ከየትኛውም ሌክቸር በላይ ያስረዳኝ ያ የደረቀ ስክሪን ነው። ይህን ሲሙሌተር ለመጻፍ የሚያስፈልገው ሊኒየር አልጀብራ ነው፤ ማትሪክስ ማባዛት፣ ኮምፕሌክስ ቁጥር፣ አይገን ቫልዩ፣ ቴንሰር ፕሮዳክት። ፕሮባቢሊቲ ጨምሩበት። ዝግጁ ላይብረሪዎቹን፣ ኪስኪትንም ሆነ ፔኒሌንን፣ ከዚያ በኋላ ክፈቱ። ተቃራኒውን ያደረጉ ልጆች አይቻለሁ፤ ኮዱን ይገለብጣሉ፣ ይሮጥላቸዋል፣ ውጤቱ ሲዛባ ግን ከየት እንደተዛባ መፈለጊያ የላቸውም።

አንድ ነገር ደግሞ ከጭንቅላታችሁ አውጡልኝ። «ኳንተም ኮምፒውተር ሁሉንም መልስ በአንዴ ይሞክራል» ይባላል። 30 ኪዩቢት ስትለኩ የሚወጣላችሁ 30 የዜሮና የአንድ ዝርዝር ብቻ ነው፤ የቀረው ይጠፋል። ከአንድ ኪዩቢት ከአንድ ቢት በላይ መረጃ ማንበብ እንደማይቻል ሩሲያዊው አሌክሳንደር ሆሌቮ በ1973 አረጋግጦታል። ታዲያ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው? የእናቴን ሱቅ አስቡት። መሳቢያው ውስጥ ያለ ብር ሲጨመርበት ይበዛል እንጂ ብር ከብር ጋር ተገናኝቶ አይጠፋም፤ ተራ ፕሮባቢሊቲ እንዲያ ነው። የዱቤ ደብተሩ ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው በአንድ በኩል 300 ብር አለበት፣ በሌላ በኩል 300 ብር አለው፤ ሁለቱ ሲቻቻሉ ስሙ ይሰረዛል። ኪዩቢት ውስጥ ያሉት ቁጥሮች እንደ ደብተሩ ናቸው፣ ኔጌቲቭ ይሆናሉ። የኳንተም አልጎሪዝም ጥበቡ ወደ ተሳሳተ መልስ የሚወስዱት መንገዶች እርስ በርሳቸው እንዲቻቻሉ፣ ወደ ትክክለኛው የሚወስዱት እንዲደማመሩ አድርጎ ደብተሩን ማሰናዳት ነው። እንዲህ ያለ አሰናዳድ የተገኘላቸው ችግሮች ጥቂት ናቸው። ፒተር ሾር በ1994 ትልልቅ ቁጥሮችን ወደ አባዢዎቻቸው ለመበተን አገኘው፤ ሎቭ ግሮቨር በ1996 ለፍለጋ። የግሮቨሩ አንድ ሚሊዮን ነገር ውስጥ አንዱን ለማግኘት ወደ 800 እርምጃ ይበቃዋል። ጥሩ ነው፤ ተአምር ግን አይደለም።

አሁን ሦስት ወር ወደ ፈጀብኝ ስህተት ልምጣ። የጻፍኩትም በዋናነት ለሱ ነው።

ዶክትሬት ስጀምር የያዝኩት ርዕስ ኳንተም ማሽን ለርኒንግ ነበር። ኒውራል ኔትወርክ (ከምሳሌ የሚማረው ፕሮግራም) በሚገባበት ቦታ የኳንተም ሰርኪት፣ ማለትም በኪዩቢቶች ላይ በተራ የሚሠሩ እርምጃዎች፣ ታስገቢያለሽ፣ የሰርኪቱን ፓራሜትሮች (የሚስተካከሉ ቁጥሮች) እያስተካከልሽ ዳታ እንዲለይ ታሠለጥኚዋለሽ። በእጅ የተጻፉ ቁጥሮች ምስል ወሰድኩ፣ እያንዳንዱን ምስል ወደ ስምንት ቁጥር አሳጠርኩ፣ በስምንት ኪዩቢት ሲሙሌሽን አሠለጠንኩ። አጠገቡ ለማነጻጸሪያ አንድ የተለመደ ክላሲካል ዘዴ አስቀመጥኩ። የኔው በለጠ። በጥቂት ነጥብ ነው፤ ግን በለጠ። ሌሊቱን እናቴ ጋር ደወልኩ፤ በነጋታው ሰፈሩ በሙሉ ቡና ላይ ሰምቷል። የጽሑፉን መግቢያ ሳይቀር ጽፌ ጨርሼ ነበር።

የቡድን ስብሰባ ላይ አንድ ከሁላችንም የሚበልጥ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ስላይዶቼን ሁሉ ዝም ብሎ አይቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «ማነጻጸሪያውን ስንት ቀን አስተካከልሽው?»

የኳንተሙን ሞዴል ሦስት ሳምንት ሙሉ ነካክቼዋለሁ። ማነጻጸሪያውን ግን አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከካርቶኑ እንደወጣ ነው ያሮጥኩት። አንዱን ሯጭ ሦስት ሳምንት አሠልጥኜ፣ ሌላውን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ አሯሯጥኳቸውና አሸናፊ አወጅኩ ማለት ነው።

እዚያ አላበቃም፤ አንዴ መቆፈር ስጀምር ሌላም ወጣ። ምስሎቹን ወደ ስምንት ቁጥር ሳሳጥር መለማመጃውንና መፈተኛውን ዳታ ቀላቅዬ ነበር፤ በእኛ አገር ቋንቋ ፈተናው ቀድሞ ወጥቷል። በተጨማሪም ሞዴሉን ከአስር የተለያዩ መነሻዎች አሮጬ፣ ሪፖርት ላይ ያገባሁት የተሻለውን ብቻ ነው። ማንንም ላታልል ብዬ አልነበረም። ደስ የሚል ቁጥር ሲያዩ መጠርጠር ስለማይመጣ ነው። ሁሉንም አስተካክዬ ለሁለቱም እኩል ጊዜ ሰጥቼ እንደገና ሳሮጥ የኔው ከሥር ሆነ። ኪዩቢቶቹን እርስ በርስ የሚያቆራኙትን፣ ጌት የሚባሉ እርምጃዎች፣ ማለትም ሰርኪቱን «ኳንተም» የሚያሰኘውን ዋናውን ክፍል፣ አውጥቼ ስሞክረው ደግሞ ውጤቱ ያን ያህልም አልተነካ። ጽሑፉን ከመላክ አስቀረሁት። ለእናቴ እንዴት እንደምነግራት ነበር ያሳሰበኝ። «ሚዛኑ ልክ ካልነበረ ድጋሚ ይመዘናል፤ ለዚህ ታለቅሻለሽ እንዴ?» አለችኝ። ለሰፈሩ ምን እንዳለች እስካሁን አልጠየቅኳትም።

ብቻዬን የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር። በ2016 የወጣ አንድ የኳንተም አልጎሪዝም ለተጠቃሚ ዕቃ መጠቆምን እጅግ ያፈጥናል ተብሎ ሲወደስ ቆይቶ፣ በ2018 የ18 ዓመቷ ኤዊን ታንግ ተራ ኮምፒውተርም ተቀራራቢ ፍጥነት ሊያመጣ እንደሚችል አሳየች። መምህሯ የሰጧት ሥራ ተራ ኮምፒውተር እንደማይችል እንድታረጋግጥ ነበር! በ2019 ጉግል በ53 ኪዩቢት 200 ሰከንድ የፈጀ ስሌት ለሱፐርኮምፒውተር 10,000 ዓመት ይፈጅበታል ሲል፣ አይቢኤም ወዲያው በሁለት ቀን ተኩል ይሠራል ብሎ ተከራከረ። በ2024 ደግሞ ዛናዱ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ተመራማሪዎች 12 የታወቁ የኳንተም ሞዴሎችን በ160 ዳታሴት ፈትነው፣ በጥቅሉ ሲታይ ከካርቶኑ የወጡት ተራ ሞዴሎች እንደበለጧቸው አሳተሙ። ማቆራኛውን ማውጣት ብዙ ጊዜ እንደማይጎዳም አብረው ጻፉ። ያንን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ የሦስት ወር ታሪኬ በሠንጠረዥ ተሰናድቶ ነበር።

ስለዚህ ከእኔ ጋር የሚሠሩ ልጆችን የማስቸግርባቸው ነገር አለ። ዳታውን ከሁሉ በፊት ክፈሉት፤ መፈተኛውን ቆልፋችሁ አስቀምጡት። ለማነጻጸሪያው ለራሳችሁ ሞዴል የሰጣችሁትን ያህል ሰዓት ስጡት፣ ሰዓቱንም መዝግቡ። ከሁሉም መነሻዎች አማካዩንና ስርጭቱን ጻፉ። ሌላው ቢቀር፣ ውጤቱ በጣም ደስ ካላችሁ ለአንድ ሳምንት ለማንም አትንገሩ። በተለይ ለእናት።

ርዕሴን ሙሉ በሙሉ የቀየርኩት ግን በዚህ ብቻ አይደለም፤ በወረቀት ጀርባ የሠራሁት አንድ ስሌት ነው። ከሐረር ስትመጡ ደንገጎን ታውቁታላችሁ። ጭጋግ ወርዶ አንድ ክንድ ባይታያችሁ እንኳ ቁልቁለቱን እግራችሁ ይነግራችኋል፤ ወደ ዘቀዘቀው እያላችሁ ድሬ ትደርሳላችሁ። ኒውራል ኔትወርክ የሚሠለጥነው እንዲሁ ነው፤ የስህተቱን ቁልቁለት እየተከተለ ይወርዳል። በኒውራል ኔትወርክ ይህን ቁልቁለት ለሚሊዮን ፓራሜትር በአንድ የኋሊት ጉዞ ማስላት ይቻላል። በኳንተም ማሽን ላይ ግን የተለመደው ዘዴ ለእያንዳንዱ ፓራሜትር ሰርኪቱን በሁለት ዓይነት ማሮጥ ነው። 60 ፓራሜትር ካላችሁ 120 ሰርኪት። ልኬቱ ደግሞ ዕጣ ነው፤ 1,000 ጊዜ ለክታችሁ የምታገኙት አማካይ በ1.6 በመቶ ገደማ ይወዛወዛል፣ አስር እጥፍ ይጥራ ካላችሁ መቶ እጥፍ መለካት አለባችሁ። በ1,000 ልኬት እንኳ ብናስበው አንድ እርምጃ 120,000 ሩጫ፣ 200 እርምጃ 24 ሚሊዮን ሩጫ ይሆናል። ይህ ሁሉ ለስምንት ኪዩቢት መጫወቻ ነው። ይባስ ብሎ በ2018 የጉግል ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ሰርኪቱ በዘፈቀደ ከተመረጠና ከሰፋ ቁልቁለቱ ራሱ በኪዩቢቱ ብዛት በፍጥነት እየጠፋ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ደንገጎ ይቀርና ሺኒሌ ሜዳ ላይ በጨለማ ትቆማላችሁ፤ በየትም ብትረግጡ አንድ ነው። እነሱ መካን አምባ የሚል ዓይነት ስም ሰጡት። ያን ወረቀት እስካሁን ይዤዋለሁ፤ የሻይ ብርጭቆ ክብ አለበት።

ያኔ ጥያቄውን ገለበጥኩት። ኳንተሙ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን (ኤአዩን) ባይረዳ፣ ኤአዩ ኳንተሙን ይርዳው።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር መካኒክ ናቸው። ማታ ማታ ሙቀቱ ሲበርድ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ፤ እኔም አባባ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን «ለመሆኑ ያ ማሽን ምኑ ነው የሚበላሸው?» አሉኝ። ኪዩቢት እጅግ ስስ እንደሆነ፣ ጥሩ የሚባለው ማሽን እንኳ ከሺህ ሥራ አንዱን እንደሚሳሳት፣ ውስጡን አይቼ ላርም ስል ደግሞ ማየቴ ራሱ እንደሚያበላሸው ነገርኳቸው። አንድ ኪዩቢት የሚይዘውን መረጃ ብዙ ኪዩቢት ላይ እንበትነዋለን፤ በትንሹ 17 ላይ፣ ከፍ ሲል 49፣ ከዚያም 97 ላይ። ከመካከላቸው ግማሽ ያህሉ መረጃ አይዙም፤ ሥራቸው ጎረቤቶቻቸውን «እናንተ ትስማማላችሁ ወይ?» እያሉ መጠየቅ ነው። ትንሽ ዝም ብለው «ጎማ መምታት ነው እንዴ?» አሉኝ። ባቡሩ ሲቆም ጎማውን ፈተው አያዩም ነበር፤ በመዶሻ ነካ አድርገው ድምፁን ይሰማሉ፣ ስንጥቅ ያለበት ድምፁ ይሞታል። «ሳትከፍቺው፣ ከድምፁ ሕመሙን ማወቅ።» አቦ! ስድስት ስላይድ የፈጀብኝን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። ከዚያ ወዲህ ገለጻ ሲኖረኝ የምጀምረው በሳቸው መዶሻ ነው።

ከድምፁ ተነስቶ የትኛው ጎማ እንደተሰነጠቀ የሚገምተው ፕሮግራም ዲኮደር ይባላል። በታኅሣሥ 2024 ጉግል ዊሎው የተባለ 105 ኪዩቢት ያለው ቺፑን ሲያሳውቅ፣ ብትኑ ከ17 ወደ 49፣ ከዚያ ወደ 97 ደረጃ ሲያድግ ስህተቱ በየደረጃው ከግማሽ በታች እንደወረደ አሳየ። ለሠላሳ ዓመት ገደማ በወረቀት ሲጠበቅ የነበረ ነገር ነው። ችግሩ ያ ቺፕ አንዱን ዙር የሚጨርሰው በማይክሮ ሰከንድ አካባቢ መሆኑ ነው፤ ዲኮደሩ ከዘገየ ያልተፈታ ድምፅ እየተቆለለ ይሄዳል። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የጉግሉ የኤአይ ቡድን ዲፕማይንድ አልፋኪዩቢት የተባለ ኒውራል ኔትወርክ አሳትሞ ነበር፤ በትክክለኛነት ነባሮቹን በለጣቸው፣ ለዚህ ፍጥነት ግን ገና እንደማይደርስ ራሳቸው ጻፉ። የኔ ሥራ በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። ኔትወርኩን ምን ያህል ባሳንሰው ይፈጥናል፣ ሲፈጥንስ ስንት ድምፅ ያመልጠዋል? ቀኑን ሙሉ የምውለው ከዚህ ጋር ነው። ከአምስት ቀን አራቱ የሚያልፉት ዳታ በማመንጨት፣ የራሴን ኮድ ስህተት በመፈለግና የሌላ ሰው ጽሑፍ በማንበብ ነው። ሐሳብ የሚባለው ነገር በቀሪው ቀን ከመጣ መጣ።

ለእኛ ዓይነቱ ተመራማሪ ደግሞ ይህ መስክ አንድ በረከት አለው። ቅድም 29 ኪዩቢት ላፕቶፔን ገደለው ብዬ ነበር። ስህተት ለማረም የሚያገለግሉት ሰርኪቶች ግን ልዩ ዓይነት ናቸው፤ ተመራማሪዎቹ ጎተስማንና ኒል ባሳዩት መሠረት በተራ ኮምፒውተር በቀላሉ ይሰላሉ። ክሬግ ጊድኒ በ2021 ያወጣው ስቲም የተባለ ነፃ ፕሮግራም በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪዩቢቶችን በተራ ላፕቶፕ ያስኬዳል፤ በአንድ ሌሊት በሚሊዮን የሚቆጠር ናሙና ያመነጫል። ፓይማቺንግ የሚባለው ደግሞ ዝግጁና ጠንካራ ማነጻጸሪያ ዲኮደር ነው። ጀማሪ ብሆን በመጀመሪያው ወር የማደርገው ይህን ነው፦ የስቲምን የ17፣ የ49 እና የ97 ኪዩቢት ኮዶች አውጥቼ፣ የስህተቱን መጠን ከ0.1 በመቶ እስከ 2 በመቶ እየቀያየርኩ ሦስት መስመር እስላለሁ። መስመሮቹ ከግማሽ እስከ 1 በመቶ ባለው አካባቢ ይቆራረጣሉ። ከመቆራረጫው በታች ትልቁ ኮድ ያሸንፋል፤ ከሱ በላይ ትልቁ ያባብሳል። ያን መቆራረጫ በገዛ ስክሪናችሁ ያያችሁ ቀን የዚህ ሙያ ሰው መሆን ጀምራችኋል። እውነተኛ ማሽን ካማራችሁ አይቢኤም በ2016 አምስት ኪዩቢት በኢንተርኔት ከከፈተ ወዲህ በነፃ የተወሰነ ደቂቃ ማግኘት ይቻላል። ሥራችሁን ልካችሁ ወረፋ ትጠብቃላችሁ፤ እዚህ መብራት ቢሄድ እዚያ አይቆምም።

መብራት ካልኩ አይቀር። አንድ ጊዜ የሁለት ቀን ሥልጠና ሊያልቅ ሰዓታት ሲቀሩት መብራት ሄደ፣ ባትሪውም ተከተለ፤ መሃል ላይ ምንም አላስቀመጥኩም ነበር። አሁን ኮዴ በየአሥር ደቂቃው ያለበትን ያስቀምጣል፣ ሲነሳ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህን ሳልጽፍ ማንኛውንም ሥልጠና አልጀምርም። ሁለተኛው ጠላት ሙቀቱ ነው፤ ላፕቶፕ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ያው ኮድ ቀን ከሌሊት ይልቅ ይጎተታል። ስለዚህ ከተማው ከ6 እስከ 9 ሰዓት በሩን ዘግቶ ሲያርፍ እኔም በወረቀትና በእርሳስ እሠራለሁ፤ ከባዱን ሩጫ ለሌሊት እተወዋለሁ። ከባድ ከባዱ ደግሞ ቡድኑ ሰርቨር ላይ ነው፤ ከዚህ ትእዛዝ ብቻ ነው የምልከው፣ ለዚያ የሞባይል ዳታም ይበቃል።

የሚከብደው ብቸኝነቱ ነው። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ «ዛሬ ዲኮደሬ ከፓይማቺንግ ባሰ» ብል የሚያዝንልኝ የለም። ጉባኤ ላይ ተገኝቶ ሰው መተዋወቅም እንደሚባለው አይደለም፤ አንድ ኤምባሲ ቪዛ ከልክሎኝ ፖስተሬን በቪዲዮ ቀድቼ ልኬያለሁ። ከታላላቆቹ የኤአይ ጉባኤዎች አንዱ በ2020 አዲስ አበባ ሊካሄድ ተወስኖ ነበር፤ ኮሮና መጣና በስክሪን ሆነ። በ2023 ኪጋሊ ላይ ሲደረግ አንዲት ጓደኛዬ ሄዳ በአራት ቀን ያገኘችው ሰው እኔ በአራት ዓመት ካገኘሁት በለጠ። እኔ ያደረግሁት ሐረርና ሐሮማያ ካሉ ሦስት ልጆች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጽሑፍ አብሮ ማንበብ ነው። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ያልገባው ያስቆማል። ከአንድ ገጽ ያላለፍንባቸው ቅዳሜዎች አሉ።

በመጨረሻ ሰው አዘውትሮ ለሚጠይቀኝ። «ባንኩን ሁሉ ይሰብራል አሉ?» አሁን የምንጠቀምበትን አርኤስኤ የተባለ ባለ 2048 ቢት የምስጢር መቆለፊያ ለመስበር በ2019 የወጣ ስሌት 20 ሚሊዮን ኪዩቢትና 8 ሰዓት ብሎ ነበር፤ በ2025 ያው ጊድኒ ከአንድ ሚሊዮን በታች ኪዩቢት ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ይበቃል አለ። ግምቱ እየወረደ ነው፤ ማሽኖቹ ግን ከዚያ ገና ሩቅ ናቸው። የአሜሪካው የስታንዳርድ ተቋም በነሐሴ 2024 የኳንተም ጥቃት ይቋቋማሉ የተባሉ አዳዲስ መቆለፊያዎች አጽድቋል፤ ባንኮች መቀየር ያለባቸው አሁን ነው። «ኳንተም ኤአይ ላይ ብር ብናስገባ እጥፍ ይሆናል» የሚል የቴሌግራም መልእክት ከደረሳችሁ ግን ሌባ ነው። የአክስቴ ልጅ ሊያስገባ ሲል ነው የደረስኩበት። ስምንት ኪዩቢት ይዤ ዜሮን ከአንድ ለመለየት ሦስት ወር ታግያለሁ፤ ገበያ የሚተነብይ ቢኖረኝ እናቴ ሱቅ ባልዋለች ነበር።

ይህን የምጽፈው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። የ97ቱ ኪዩቢት ሥልጠና ከማታው 2 ሰዓት ጀምሮ እየሮጠ ነው፤ ከማነጻጸሪያው ገና በታች ነኝ። ቤት ውስጥ ያለን ማራገቢያ አንድ ስለሆነ ላፕቶፑ ላይ አዙሬዋለሁ። እናቴ በመስኮት ሁለት ጊዜ ጠርታኛለች፤ ሦስተኛ ከመጣች ማራገቢያውን ይዛው ትሄዳለች።